አሳቢው ታዛቢ

አንባቢዬ ሆይ፣ «ጉዳዩ በእጅጉ ያሳስበናል» ማለት የሚወዱ የውጭ አገር ሰዎች ገጥመውህ ያውቃሉ? እኔ አስመራ ውስጥ ለአንዱ አስተርጓሚ ነበርኩ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ፌዴሬሽን ሊፈርስ ሲቃረብ ምርጫ ሊታዘብ የመጣ ሰው ነው።

በምርጫው ማግስት ዓባ ሻውል ሰፈር ወደሚኖሩት ልብስ ሰፊ፣ ወደ አቶ ተስፉ ቤት ወሰድኩት። መንግሥት የማይወደውን ሰው ሊመርጡ ተሰልፈው ሳለ ዱላ የያዙ ሰዎች ቀኝ እጃቸውን ሰብረዋቸዋል።

ታዛቢው ማስታወሻውን ገለጠና «ድምፅ ሰጥተዋል?» አለ።

«በየትኛው እጄ?» አሉ አቶ ተስፉ።

«እንግዲያው መራጭ አይደሉም። መራጭ ያልሆነ ሰው ቢደበደብ የምርጫ ሁከት አይባልም» አለኝ።

ታዲያ ምን ሊባል ነው? የሠርግ ጭፈራ?

«ምን አለ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ አቶ ተስፉ።

እንዲህ ብሏል ብዬ እንዴት ልንገራቸው? «የደረሰብዎት ነገር በጣም አሳስቦታል» አልኳቸው።

ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በደህናው እጃቸው ደረታቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና «የቐንየለይ! እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ» አሉ።

ምስጋናቸውን ሳላጓድል ተረጎምኩ። ታዛቢው ደስ ብሎት ጻፈ። በትከሻው አሻግሬ ሳነበው «ነዋሪዎች ስለ ምርጫው ምስጋናቸውን ገልጸዋል» ይላል።

አቶ ተስፉን ለዚህ ምስክርነት ያበቃኋቸው እኔው ነኝ።