አማቴን ስደራርብ

ብርድ ልብስ ለምን እንደተሠራ ታውቃላችሁ? ለግድግዳ ነው። ቢያንስ እኛ ቤት እንደዚያ ነው። ሙዚቃ የምቀዳባት ጓዳ እንዳታስተጋባ ብዬ የቤቱን ብርድ ልብስ ሁሉ ሰቅዬዋለሁ። ጎረቤቴ ኦቦ ፊቃዱ መጀመሪያ ያየ ቀን «ኩን ማሊ? ምንድነው ይሄ? ግድግዳው በረደው እንዴ?» ብሎ ስቆብኛል። ይሳቅ! የነቀምቴ ባጃጅ ግን በብርድ ልብስም አይመለስም። በቀዳሁት ዘፈን ሁሉ ውስጥ አንድ ባጃጅ ሳያልፍ አይቀርም። እንግዲህ እሱንም ከባንዱ ቆጥሬዋለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አማቴን አባ ይመርን አታውቋቸውም። በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ፣ ማሲንቆ ሲይዙ ዳስ ሙሉ ሰው ከመቀመጫው የሚያስነሱ ሰው ናቸው። የመጨረሻ ልጃቸው ዘይነባ፣ የባለቤቴ ታናሽ፣ ስትወለድ «ሠርግሽ ላይ የምጫወተው እኔ ነኝ» ብለው ቃል ገብተውላታል። ልጅቷ ይኸው ልትዳር ነው። የአባቷ እጅ ደግሞ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ጥቂት እንደተጫወቱ ደጋኑ ከእጃቸው ይወድቃል። ሠርጉ ሲቃረብ ሰውዬው እህል እንቢ አላቸው። እኔም አንጀቴ አልቻለም።

«አባ፣ ግድ የለም፣ እኔ ቤት ይምጡ» አልኳቸው። «ጥቂት ጥቂት እየቀዳን፣ እየደራረብን፣ ዳሱን የሚሞላ ድምፅ እናወጣለን።»

ብልሃቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ አንዴ ይጫወታሉ። ከዚያ ያንን በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ፣ በላዩ ላይ ያንኑ ዜማ ይደግሙታል። አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ስትለቁት ድምፁ ሰፋ ይላል። ታዲያ ለምን አንዱን ኮፒ አታደርገውም ትሉኝ ይሆናል። ኮፒ ይጮሃል እንጂ አይሰፋም! የሰው እጅ ሁለቴ አንድ ዓይነት አይጫወትም፤ ስፋቱ የሚመጣው ከዚያች ልዩነት ነው።

የመጀመሪያውን ቀዳን። ግሩም! ማዳመጫውን አደረግኩላቸውና «አሁን ይድገሙት» አልኩ። ማሲንቆው ዝም። ዞር ብዬ ሳይ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። መሃል ላይ «ይበል!» አሉ። እንደገና ሞከርን። አሁንም «ይበል! እሰይ!»። ኮምፒውተሬ ላይ አንድ ማሲንቆና የተደራረበ አድናቆት ብቻ ተጠራቀመ።

ለምን እንደማይጫወቱ ብጠይቃቸው ተቆጡኝ። ሰው እየተጫወተ እንዴት በላዩ ልግባበት፣ አሳዳጊ የበደለኝ አደረግከኝ እንዴ፣ አሉ። ሰውዬው እኮ እርስዎ ነዎት ብል ማን ሰምቶኝ! ለካስ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የተጫወቱት ከታላቅ ወንድማቸው ከአያ ሰይድ ጋር ነው። ታላቅ ይጀምራል፤ ታናሽ ዜማው ረገብ እስኪል ጠብቆ ይቀበላል። አያ ሰይድ ካረፉ ቆይተዋል። ሁልጊዜ ጆሯቸው ታላቃቸው ላይ ስለነበር የራሳቸውን ማሲንቆ ደህና አድርገው ሰምተውት አያውቁም። ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወለቁና «አያ ሰይድ እንዲህ ነበር የሚጫወተው» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። እኔስ ብትሉ? ብርድ ልብሱን የማስተካክል መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ከዚያ በኋላ የግራና ቀኙን ነገር እርግፍ አድርጌ ተውኩት። «በሉ አባ፣ ታላቅዎን ይቀበሏቸው» አልኩ። ዜማው ረገብ ባለ ቁጥር እየገቡ ተቀበሉት። ድርሻቸው አጭር አጭር ስለሆነ እጃቸው አልደከመም፤ ደጋኑም አልወደቀም። ድምፁ እኔ እንዳሰብኩት አልገዘፈም። ሁለት ሰው ሆነ እንጂ።

ሠርጉ ዕለት ስፒከሩን ከጎናቸው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያዋን ቅጂ ብቻ ለቀቅኩ። ስፒከሩ ይጀምራል፣ አባ ይመር በገዛ እጃቸው ይቀበላሉ። ቃላቸውን ጠበቁ! ዘይነባ ቬሏን ሰብስባ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች፤ ማንም ሊያስነሳት አልቻለም።

ምሳ ደረሰ። አማች ነኝና እጅ ማስታጠቡ የእኔ ሥራ ነው። ጆግና ሳፋ ይዤ አባ ይመር ጋ ስደርስ እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ። በአገጫቸው ወደ ስፒከሩ ጠቆሙኝ።

«ታላቁ ሳይታጠብ?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። የዳሱ ሰው ሁሉ ያየኛል። ምን ላድርግ? ስፒከሩ ፊት በርከክ አልኩና ሳፋውን አስጠግቼ ውሃውን ጠብ ጠብ አደረግኩ።

ሽቦውን ግን ዘወር አድርጌ ነው።