የጓድ ተሾመ እንግዳ

የእጅ ሥራ ሲነሣ ዓይኑ እንባ የሚያቀርር አርቲስት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ጎረቤቴ ነበር። ሠዓሊው ጓድ ተሾመ፣ አብዮቱ ባለሙያን ከንቀት አውጥቷል ብሎ በየስብሰባው ይምል ነበር።

ለአብዮት በዓል ሸክላ ሠሪ ሊሥል ተነሣና ዱካሌ የምትባል አሮጊት ከቡሹሎ መንደር አመጣ። የእኛ ሰፈር ሰው ማሰሮዋን ይገዛል እንጂ፣ ሸክላ ሠሪ ናት ብሎ እሷን ቤቱ አያስገባም። ጓድ ተሾመ ግን «እርስዎ» ይላት ነበር! እጇን እያየ «እነዚህ እጆች እኮ ቅርሳችን ናቸው!» ይላል። ውሃ ሲጠማት ደጃፍ ላይ በቲማቲም ጣሳ ይሰጣታል። ምን ይደረግ፣ ብርጭቆ ይሰበራላ!

በበዓሉ ዕለት ሥዕሉ የአዳራሹን ግድግዳ ሞልቶ ተሰቀለ። ዱካሌ በር ላይ ቆማለች።

«ጌታዬ፣ እኔም ልግባ?»

«ጌታዬ ማለት ቀርቷል፣ ጓድ ይበሉኝ! ይግቡ እንጂ፣ ዛሬ የእርስዎ ቀን ነው!»

ከፊት ወንበር አስቀመጣት። እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብን። እኔ ሞኙ፣ ዘመን ተለወጠ ብዬ ልቤ ሞቀ።

ከዚያ ብርዝ በብርጭቆ ይታደል ጀመር። ዱካሌ እጇን ስትዘረጋ ጓድ ተሾመ ትሪውን በፍጥነት አሳለፈውና ቦርሳውን ከፈተ። ለካ ያቺን ጣሳ ከቤቱ ይዟት መጥቷል።

«የእርስዎን አምጥቼልዎታለሁ» አላት በትሕትና።

ብርዝ ቀድቶ ሲሰጣት በሁለት እጇ ተቀበለችው። እሷ አቀርቅራ ስትጠጣ፣ እኛ ወደ ሥዕሉ ዞረን ደግመን አጨበጨብን።