ተስፋዬ የተከፈተውን በር ለምን አለፈው?

በሩ ከተከፈተ ለምን አልወጣም ትለኛለህ? ሙላት፣ ወንድሜ፣ እህትህ ጽጌ ምጥ ይዟት እየጠራችው ባሏ ተስፋዬ ስላልደረሰ መናደድህ ልክ ነው። «ሆን ብሎ ነው የቀረው» ያልከው ግን ውሸት ነው! ቆይ ልንገርህ። እኔም አልገባኝም፤ ሳወራው ይገባኝ ይሆናል።

እግር ያለው ሰው የፈለገበት ይሄዳል ይባላል አይደል? ተወው! ጠባብ ቦታ ቆልፍበትና እየው፤ እግሩ የማን እንደሆነ ግራ ይገባሃል።

የአርካዊት ግቢያችንን ታውቀዋለህ። ካሻ አለ፣ ፖሊስ ወረቀት የሌለውን እያፈሰ ነው ከተባለ፣ አከራያችን ጋሽ ደምሴ ከውጭ ቆልፈውብን ይሄዳሉ። ጓጉንቸሩን ያየ ፖሊስ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ያልፋል። ዛሬም ጠዋት ቆለፉ። ትንሽ ቆይቶ ከወንዙ ማዶ ከኦምዱርማን ተደወለ፤ ጽጌ ሆስፒታል ገብታለች። ጋሽ ደምሴ ስልክ አያነሱም። አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሏል።

ተስፋዬ መንጎራደድ ጀመረ። እኛም ተነሳን፤ ማን ቁጭ ይላል? መጀመሪያ ሁሉም በመሰለው ይሄዳል፣ እንጋጫለን፣ እንሰዳደባለን። ከዚያ ሳናውቀው መሃሉ ባዶ ሆነ! ሁላችንም ግድግዳውን ታክከን፣ አንዱ ሌላውን ተከትሎ፣ ወደ አንድ ጎን እንዞራለን። ወላሂ ማንም አላዘዘንም።

ቢኒያም፣ ፊዚክስ ጀምሮ የተወው፣ ሳቀብን። «አቧራ ብትሆኑ እኮ ንፋሱ መሃል ላይም ይበትናችሁ ነበር። በራሱ ጉልበት የሚሄድ ቅንጣት ግን ሲዘጉበት እንዲህ ነው። ግድግዳ ጋ ይደርሳል፣ ደርሶም መግፋቱን አይተውም፣ ሲያቅተው ጥግ ጥጉን ይዞራል።»

«ቅንጣት አባትህ!» አልኩት። እሱም እኮ እየዞረ ነው የሚያወራው!

ጋሽ ደምሴ መጡ። በሩን ወለል አድርገው «ያላ ልጆች፣ ሰላም ነው፣ ውጡ» አሉ። ተስፋዬ በሩ ጋ ደረሰ። አለፈው! በዓይኔ ነው ያየሁት፤ ክፍቱን ተሻግሮ ማዶ ያለውን ግድግዳ ያዘ። እኔም ከኋላው። እኔን ምን ነካኝ? መውጣት እኮ እፈልግ ነበር! እንደገና ዞሮ፣ እንደገና አለፈው። ጋሽ ደምሴ ናቸው በሸሚዙ ጎትተው ያወጡት። መንገድ ላይም ሃፍላው፣ አውቶቡሱ፣ ቆሞ ረዳቱ እየጠራው፣ እሱ የሰው አጥር እየታከከ ይሄዳል። ድልድዩን ሳይሻገር ልጁ ተወለደ።

አሁን ጽጌ «ዓይኑን እንዳላየው» ብላ የሆስፒታሉ በር ላይ አስቁማዋለች፤ አንተም አጨብጭበህላታል። ሰውዬው ትዳሩ ሊፈርስ ነው፣ ገብቶሃል?

እኔ ግን አልቻልኩም፣ ጋሽ ደምሴ ላይ ጮህኩ። «ካሻ አለ ያለዎት ማነው?» አልኳቸው። ስልካቸውን ከፍተው የድምፅ መልእክት አሰሙኝ። «ማንም እንዳይወጣ፣ ቆልፉባቸው» ይላል። ያንተ ድምፅ ነው፣ ሙላት! ካሻውን በዓይንህ አይተኸዋል ወይስ ማንም ያወራውን ሰምተህ ነው በእህትህ ባል ላይ ያስቆለፍከው?