እትዬ ወለተጻድቅ ያስነሡት በሽተኛ

በሽተኛ የሌለበት ሰፈር ይገኝ ይሆናል፤ የበሽተኛ አዛዥ የሌለበት ሰፈር ግን የለም። የኮልፌዋ አዛዥ ክብርት እትዬ ወለተጻድቅ ነበሩ። ሰው ታመመ ከተባለ ከቄሱም ከሐኪሙም ቀድመው ይደርሳሉ፤ መስኮቱን በጨርቅ ይወትፋሉ፣ ጋቢ በጋቢ ላይ ይደርባሉ፣ ከዚያ ራስጌው ተቀምጠው አዋጃቸውን ያውጃሉ፦ «የታመመ አይነካም!»

በዚያ በአብዮቱ ዘመን ከቀበሌ ስብሰባ የቀረ ሰው አበሳውን ያያል። እትዬ «ተኝቷል» ካሉ ግን ሊቀመንበሩም ምላሱን ይሰበስባል። ጋሽ ጉልላትን ጥርሳቸውን ቢያማቸው አስተኟቸው፤ ጥርሱ ከተነቀለ በኋላም ምስኪኑ ሰውዬ ለመነሣት ፈቃድ ሲለምኑ ከረሙ።

እሙ በእትዬ ስትስቅ የኖረችው ነገሩ የራሷን ቤት እስኪያንኳኳ ድረስ ነው። አየር ጤና ጋራዥ የሚሠራው ባሏ ደመቀ፣ ያ ሞተር ብቻውን የሚሸከም ሰው፣ ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ገባ። ትንፋሽ ሲያጥረው በጉሮሮው ቱቦ አስገቡለት፤ ከዚያ በኋላ የሚተነፍስለት ማሽን ሆነ። እሙ ሳቋን ረስታ እትዬን ተጠጋች። እሳቸው አጠገቧ ሆነው አይነካ፣ ዝም ብሎ ይተኛ ሲሉ ልቧ ይረጋጋ ነበር።

ደመቀ ግን ከሰመመኑ ነቅቶም እጁን ማንሣት አቃተው። ያ ክንዱ ሰልሎ የልጅ ክንድ መሰለ። ይሄኔ ጉታ መጣ፤ ኩባ ሄዶ የእንቅስቃሴ ሕክምና ተምሮ የተመለሰ ረጅም ወጣት ነው። ማሽኑ ትንፋሽ እንጂ ጉልበት እንደማይሰጥ፣ ተኝቶ የሰነበተ ጡንቻ እንደሚሟሽሽ፣ ሰውነቱ ከደከመ ደግሞ ከማሽኑ መላቀቅ እንደሚያቅተው ለእሙ አስረዳት። ስለዚህ ቱቦው እንዳለ ነገ ከአልጋው ወርዶ ወንበር ላይ ይቀመጣል አላት።

«ትገድሉታላችሁ» አሉ እትዬ።

እሙ በጣም ፈራች። ልቧ ወደ እትዬ አደላ። ጎንበስ ብላ ባሏን ጠየቀችው፤ መናገር ስለማይችል ለእሺታ ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተላት። «ይነሣ» አለች። እትዬ ኩርፊያቸውን ተከናንበው ወጡ።

በማግስቱ ግን አላስችል ብሏቸው፣ መጠጣት እንደማይችል እያወቁ፣ አጥሚት ይዘው መጡ። በበሩ ብቅ ቢሉ አልጋው ባዶ ነው፤ አንሶላውም ተገፏል። ከመጋረጃው ጀርባ፣ መስኮቱ ዘንድ፣ ወንበር መኖሩን ማን ያስባል? ማንንም ሳይጠይቁ ወደ ኮልፌ፣ ቀጥታ ወደ እድሩ ጡሩምባ ነፊ።

ከሰዓት በኋላ ጉታ ደመቀን ዳግም ወንበሩ ላይ አስቀምጦት ሳለ ከግቢው ዋይታ ተሰማ። እሙ የማን ቤት ፈረሰ ይሆን ብላ አዘነች። በመስኮቱ ብታይ ነጠላውን ያዘቀዘቀ የኮልፌ ሰው ግቢውን ሞልቶ «ደመቀ፣ ደመቀ» ይላል። ሟቹም ለቅሶውን በመስኮት ያየዋል።

እትዬ ዘበኛውን ጥሰው ገቡ፤ መጋረጃውን ገለጡና ደርቀው ቀሩ። ደመቀ ቱቦው ጉሮሮው ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል። ከጭኑ ላይ እጁን ጥቂት አንሥቶ ሰላም አላቸው።

ጉታ ሥራውን አላቋረጠም። አሁን ይቆማል አለ። ነርሷ ቱቦውን ያዘች፤ እሱ በቀኝ ደገፈ። በግራ መደገፍ የነበረባት እሙ ጉልበቷ ከዳት።

«እትዬ፣ እርስዎ በዚያ በኩል ይያዙልኝ» አላቸው ጉታ።

ያ በሽተኛ አስነክቶ የማያውቅ እጅ ደመቀ ብብት ሥር ገባ። ደመቀም ቆመ። ማሽኑ ይተነፍስለታል፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ቆሟል። «በርታ ልጄ፣ በርታ» ይላሉ እትዬ እያለቀሱ። ውጭ ያለው ለቀስተኛ የሚነግረው ስላጣ ሙሾውን ቀጥሏል።

ደመቀ በእግሩ ኮልፌ ከገባ ወዲህ እትዬ በየቤቱ ያስነሣሁት እኔ ነኝ ይላሉ። ስለ ጡሩምባው ግን አንሥተው አያውቁም። እሙን እውነት ነው ወይ ብሎ የሚጠይቃት አይጠፋም። እሷም የራሷ ጉልበት በከዳት ሰዓት ማን እንደቆመላት ታስታውሳለች።

«እውነት ነው» ትላለች። «እሳቸው ናቸው ያስነሡት።»