ጋሽ አስተያየት የተሰሙበት ሐሙስ

ለአንድ አገር ገበሬም ያስፈልጋታል፣ ሐኪምም ያስፈልጋታል፣ ድልድይ ሠሪም ያስፈልጋታል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ፣ የሌላውን ልፋት እያየ «ይሄ ደግሞ ምኑ ነው?» የሚል ሰው ያስፈልጋታል። እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር ዘፋኙ እንደ ዘፈነ፣ ደራሲውም እንደ ጻፈ በቀሩ ነበር፤ ማን ሃይ ይላቸዋል? የእኛ ሰፈር በዚህ በኩል የታደለ ነው፤ ጋሽ አስተያየት አሉን።

እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ዛሬ የሚያስታውሰው ግን ጡረታ የሚከፍላቸው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ጋሽ አስተያየት ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በመጋዘን ሹምነት ነው። ሣጥን ሲመጣ ሳይከፍቱ ወዝወዝ ያደርጉትና «ብርጭቆ ነው፤ ያውም የተሰበረ» ይሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር ብርጭቆው የሚሰበረው ሲወዘውዙት ነው፤ ግምታቸው ግን ስቶ አያውቅም። ጡረታ ሲወጡ ይህን የከበረ ሙያ ወደ ኪነ ጥበብ አዞሩት። መጽሐፍ ሲሰጧቸው በመዳፋቸው መዘን ያደርጉና «ቀላል ነው፤ ሐሳብ የለውም» ብለው ይመልሱታል። ወፍራም የሆነ እንደሆነ «ይሄን ያህል የሚያስለፈልፍ ምን አገኘ?» ይላሉ። ፊልም ሲጀመር፣ ገና የተዋንያኑ ስም እያለፈ፣ ገዳዩን ያውቁታል፤ ጮክ ብለውም ይናገሩታል። ያ የተናገሩት ሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሟች ሆኖ ይገኛል፤ ጥፋቱ ግን የደራሲው ነው። ስለ ሙዚቃ ያላቸው አቋም ደግሞ አጭርና ግልጽ ነው፤ እሳቸው ካገቡ ወዲህ ሙዚቃ የሚባል ነገር የለም።

«ካገባን ወዲህ ነው፣ ወይስ በማግባታችን?» ብለው ባለቤታቸው አንድ ቀን ጠየቋቸው።

«ሁለቱን መለየት የባለሙያ ሥራ ነው» አሉ ጋሽ አስተያየት።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። እሳቸው ወርቅ የሚያጓጓቸው ሰው አይደሉም።

ከሁሉ አብልጠው የሚጠሉት የሐሙሱን ድራማ ነበር። አንዲት መበለት አለች፤ አንድ ሐኪምና አንድ ነጋዴ ሊያገቧት ይፈልጋሉ፤ እሷ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ትተነፍሳለች። ጋሽ አስተያየት ይህን ድራማ ከመጥላታቸው የተነሣ አንድም ክፍል አምልጧቸው አያውቅም። ሐሙስ ማታ እንግዳ ቢመጣ ሻይ ሳይቀርብለት ይሸኛል። «የማየው ለጥናት ነው» ይላሉ። ድራማው እንዳለቀ ስልክ ያነሡና ወደ ጣቢያው የአስተያየት መስመር ይደውላሉ። «አንድ ተመልካች ነኝ። ይሄ ነገር ይቁምልን!» ካሉ በኋላ ነው እራት የሚወርድላቸው።

ሴት ልጃቸው መነጽር ቤት ትሠራለች። ዝምተኛ ናት፤ እዚያ ቤት የመናገር ተራ መቼ ይደርሳታል? አንድ ቅዳሜ ግን አንድ ጎልማሳ ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ልንጋባ እንፈልጋለን። ከፈቀድክልን።»

«ምን ትሠራለህ ልጄ?» አሉት ጋሽ አስተያየት።

«የድምፅ ባለሙያ ነኝ፣ ጋሼ። ቴሌቪዥን ጣቢያው ውስጥ።»

«የቱ ዝግጅት ላይ?»

ልጁ መዋሸት አልለመደም። «የሐሙሱ ድራማ ላይ።»

ጋሽ አስተያየት ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ያቺ መበለት ስትተነፍስ እንደ ወናፍ የሚሰማው...»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ማለቴ፣ የምቀዳው እኔ ነኝ።»

«ለካ ሁለት ዓመት ጆሮዬን የበላኸው አንተ ነህ!» ብለው ብድግ አሉ፤ ቆመውም ብይኑን አሰሙ። «ያ ድራማ እስካለ ድረስ ልጄን ለድራማ ሰው አልድርም!»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ የምታገባው ልጁን ነው እንጂ ድራማውን ነው እንዴ?» አሉ ባለቤታቸው።

«ዛሬ ድምፅ፣ ነገ መብራት! እንዲህ እንዲህ እያለ ዘሬ ሁሉ ተዋናይ ሆኖ ይቀራል!»

ልጅቷ ልጁን ሸኝታ ተመለሰችና ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። የበሩ ድምፅ የባለሙያ ቀረጻ ሳያስፈልገው ሰፈሩን አዳረሰ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ይመለስ ቢሉት አይመለስም። በሚቀጥለው ሐሙስ ጋሽ አስተያየት ብርድ ልብሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «እስቲ ይህን ጉድ እንየው» ብለው ሲጠብቁ፣ አንዲት አስተዋዋቂ ብቅ አለች። «ከተመልካቾቻችን በተደጋጋሚ በደረሰን አስተያየት መሠረት፣ የሐሙሱ ድራማ ከዛሬ ጀምሮ ተቋርጧል።» በተደጋጋሚ መድረሱስ እውነት ነው። ከአንድ ስልክ ነው እንጂ።

በዕድሜያቸው ሙሉ በሙሉ የተደመጡት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ድል ማለት ይሄ ነው። ጋሽ አስተያየት ግን ፊታቸው አመድ መሰለ።

«መበለቷስ?» አሉ።

«የምን መበለት?» አሉ ባለቤታቸው።

«ማንን ልታገባ ነበር? ሐኪሙን ነው ወይስ ነጋዴውን? ያን ልጅ ጥሩልኝ!»

ልጁ ተጠርቶ መጣ። «ጋሼ፣ እኔ ትንፋሿን እንጂ ልቧን አላውቅም። ገና ያልተቀረጸውን ማን ያውቃል?»

«አባዬ፣» አለች ልጅቷ፣ «እንግዲህ ድራማው ቀርቷል። ቃልህ እንደዚያ ነበር።»

«ቃሌ ቃል ነው» አሉ፤ ወደ ልጁም ዞሩ። «ለመሆኑ አሁን ምን ትሠራለህ?»

«ድራማው ሲቆም ሥራዬም ቆመ፣ ጋሼ።»

«በይ እንግዲህ ልጄ፣ ሥራ ለሌለው ሰው እንዴት ልስጥሽ?»

እንዲህ ያለ ፍርድ የትም አይገኝም፤ ሁለቱም በር ተዘግቷል፤ ሁለቱንም የዘጉት አንድ ሰው ናቸው፤ ሰውየውም ንጹሕ ናቸው።

ጣቢያው በበኩሉ ሐሙስ ላይ አንድ ሰዓት ባዶ ሆነበት። አለቆቹ ተሰበሰቡ፤ ሰፊ ውይይት ተደረገ፤ በመጨረሻም ከድራማ የሚረክስ ነገር ሲፈለግ አስተያየት ተገኘ። «የተመልካች ዓይን» የሚል አዲስ ዝግጅት በቀጥታ እንዲተላለፍ፣ የመጀመሪያው እንግዳም ያ ትጉህ ደዋይ እንዲሆን ተወሰነ። ድምፅ የሚይዝ ሰው ስለጠፋ ልጁ ለአንድ ቀን ተጠራ። ጋሽ አስተያየት ከረቫት አሰሩ። «ስለ ፊልም ልጀምር፣ ስለ መጽሐፍ ወይስ ስለ ዘፈን?» ብለው ሲጠይቁን፣ የጠየቁት መልስ ፈልገው አለመሆኑን ስለምናውቅ ዝም አልናቸው።

ሐሙስ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ እሳቸው ሳሎን ተሰበሰበ። ሰዓቱ ደረሰ፤ ጋሽ አስተያየት ቴሌቪዥኑ ውስጥ ታዩ። አፋቸው ይከፈታል፣ እጃቸው ይወራጫል፣ ጣታቸው ወደ ላይ ይቀሰራል። ድምፅ ግን የለም። ባለቤታቸው ቴሌቪዥኑን ሊመቱት ተነሡ።

«እማዬ፣ ተዪው» አለች ልጅቷ።

ባለቤታቸው ልጃቸውን አዩ፤ ቴሌቪዥኑን አዩ፤ ቀስ ብለው ተቀመጡና ሹራባቸውን መሥራት ቀጠሉ። እዚያ ቤት የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ እንደሚል የሰማነው ያን ማታ ነው። አንድ ሙሉ ሰዓት ከሰው ጋር ተቀምጠን ሻይ ጠጣን።

የጣቢያው ስልክ እስኪግል ተደወለ። አንዱ «ሰውየው ፊታቸው ላይ ቁም ነገር አለ» አለ። አንዷ «ልጄ እያየ ተኛልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ብልሽቱን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚቴ ጥፋቱ የገመድ መሆኑን አረጋግጦ ገመዱን በጥብቅ አስጠነቀቀ፤ ልጁንም በቋሚነት ቀጠረ።

ጋሽ አስተያየት ከረቫታቸውን እያላሉ ገቡ። «ስንት ሰው ደወለ መሰላችሁ! አዘጋጁ ራሱ ነው የነገረኝ፤ እንዲህ ያለ ዝግጅት እስከ ዛሬ አልታየም አሉ!»

«እኛም አላየንም» አሉ ባለቤታቸው ከልባቸው።

«በየሳምንቱ ኑ ተብያለሁ። ድምፁን የያዘው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያ ልጅ ነው። ለካ ሰው የሚለካው በሚሠራበት ዝግጅት ነው! ቃሌን እንዲህ አድርጎ ለሕዝብ ያደረሰ ልጅ፣ ልጄን ቢያገባ ምን ይጎድላል?»

እውነቱን ማናችንም አልነገርናቸውም። ደስ ያለውን ሰው ምን ያደርጉታል? ድጋሚውንም አያዩትም። «በራሴ ሥራ ላይ አስተያየት መስጠት ነውር ነው» ይላሉ፤ በምድር ላይ አስተያየት የማይሰጡበት ነገር ይኸው ብቻ ነው።

የሠርጉ ዕለት አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ። ጋሽ አስተያየት ከወንበራቸው ተነሡ። ሙሽራው ማይኩን ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደም፤ ራሱ አምጥቶ፣ ራሱ አስተካክሎ ሰጣቸው። እሳቸውም ስለ ትዳር፣ ስለ ፊልም፣ ስለ ዘመኑ ዘፈን ረዥም ንግግር አደረጉ። ሕዝቡ እየበላ፣ እየተጫወተ፣ እየሳቀ ቆየና ሲቀመጡ አይቶ ሞቅ ያለ ጭብጨባ አጨበጨበላቸው።

ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ወደ ሙሽራው ጎንበስ አሉ። «ድምፁ እንዴት ነበር፣ ልጄ?»

«በጣም ግሩም ነበር፣ አባባ» አለ ሙሽራው። «ማንንም አልረበሸም።»