ልቤ ሲመታ የምደውልላት

የእኛ አገር ሰው ገላው ሁሉ ወሬ ነጋሪ ነው። የዓይን ቆብ ሲርገበገብ እንግዳ ይመጣል፤ ውስጥ እግር ሲበላ መንገድ አለ፤ መዳፍ ሲያሳክክ ሲሳይ ይገባል ይባላል። የኔ መዳፍ ዕድሜ ልኩን ሲያሳክክ ኖሮ ከእርፍ በቀር የጨበጠው ነገር የለም። ግን አሁንም ባሳከከኝ ቁጥር ገልበጥ አድርጌ አየዋለሁ። እናንተም ታያላችሁ። አትዋሹ።

ከሁሉም የሚከብደው ልብ ነው። ያለ ምክንያት ድው ድው ካለ ሩቅ ያለ ሥጋህን አንድ ነገር ነክቶታል ማለት ነው። የኔ ሩቅ ሥጋ ልጄ ትርንጎ ናት፤ ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። የሄደች ቀን «በርቺ» ብያት ወደ በሬዎቼ ተመለስሁ። ሌላም ቃል ነበረኝ፤ አልወጣ አለ።

እንግዲህ ጤፍ እያረምሁ ሳለ ልቤ ድንገት እንደ ደነበረ ወይፈን ተነሣ። ትርንጎን አንድ ነገር አገኛት! ብዬ የነቀልሁትን አረም ጣልሁ። በእኛ መንደር ስልክ የሚሰማው ከማሳዬ በላይ ካለው ጉብታ አናት ላይ ብቻ ነውና ሽቅብ ሮጥሁ። ሽቅብ የሮጠ ሰው ልቡ እንደሚመታ በሬም ያውቃል፤ እኔ ግን ምቱ በጨመረ ቁጥር ነገሩ ከፋ ብዬ ሩጫውን ጨመርሁ።

«አለሽ?»

«አለሁ አባ። ምነው?»

«ምንም።» ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ ልቤ በተነሣ ቁጥር ጉብታውን መውጣት ሆነ። ባለቤቴም «አንተ ሰውዬ፣ ለኔ የነፈግኸኝን ወሬ ለጉብታው ታወራለታለህ?» እያለች ትስቅብኝ ጀመር።

አንድ ቀን ግን አናቱ ላይ ስደርስ ደረቴ ተጨነቀ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ አፌ አፈር ነክሷል። እዚያው እንደ ተጋደምሁ ደወልሁ።

«ምን አገኘሽ?»

«እኔን? ድምፅዎ ምን ሆኗል አባ?»

«ልቤ ስላንቺ መትቶ ጣለኝ።»

«ኧረ እኔ ደህና ነኝ! የታመሙትስ እርስዎ ነዎት። ዛሬውኑ ሰቆጣ ሆስፒታል ካልሄዱ ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ!»

ልጅ እንዲህ አባቷን ስትቆጣ ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤቶች እስከ መኪናው መንገድ በቃሬዛ አወረዱኝ። ሆስፒታል አንዲት ወጣት ሐኪም ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፋ የልቤን ምት ወረቀት ላይ አወጣችው። መስመሩን ስቷል።

«አባት፣ ልብ በድንጋጤም፣ በሩጫም፣ ቡና ሲበዛም፣ ደም ሲያንስም ይመታል። ጥቂት ቆይቶ ከተመለሰ ብዙም አያስፈራም፤ ከደጋገመ ግን ይመርመሩ። ራስ ካሳተ፣ ደረት ከጨነቀ ወይም ትንፋሽ ካሳጠረ አንድ ቀንም አይደር። እርስዎ በዚያ ላይ ሽቅብ ይሮጣሉ?»

«ልጄን ልጠይቅ ነው።»

ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። ከዚያ በዝግታ፣ የየቀኑን ክኒን እንዴት እንደምውጥ ነገረችኝ።

ክኒኑ ሠራ። ልቤ ቀንበር እንደ ወረደለት በሬ ረጋ። ያኔ ነው የጨነቀኝ፤ ልብ ካልመታ ምን ብዬ ልደውል?

አንድ እሑድ እያረፍሁ እያረፍሁ ጉብታውን ወጣሁ።

«አባ! ተነሣብዎ?»

«አልተነሣም።»

«ታዲያ ምን ሆኑ?»

«ምንም። ድምፅሽን ልሰማ ብዬ ነው።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ ላነሣ ስል ትንፋሿ ተሰማኝ።

«አባ፣ አሁን ደግሞ የኔ ልብ ድው ድው አለ።»

«ጥቂት ቆይቶ ከተመለሰ አያስፈራም» አልኋት።