አንድ ቫልቭ፣ ሁለት አለቃ

ትናንት ከምሳ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ክንዴን ተንተርሼ ያየሁትን ሕልም ጠላቴም አይየው።

ለእንቅልፍ የዳረገኝ የያዝኩት ሥራ ነው። በሳሙና ፋብሪካችን የቦርዱም ጸሐፊ፣ የዋና ሥራ አስፈጻሚዋም ረዳት እኔው ነኝ። የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ መርዕድና ሥራ አስፈጻሚዋ ወይዘሮ ውዴነሽ ደግሞ ማን ምን እንደሚወስን ሳይስማሙ ዓመት ሊሞላቸው ነው። በመጨረሻ «ሥልጣናችንን የሚለይ ሰነድ አዘጋጅ» ብለው ሁለቱም አዘዙኝ። አንቀጽ አራት ላይ ስደርስ ዓይኔ ተከደነ።

በሕልሜ የፋብሪካው በር ላይ ቆሜ ነበር። ጭሱ ከሰማይ እየወረደ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይገባል። የቦርድ አባላቱ ምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው ለፍተሻ ተሰልፈዋል። ጥበቃዎቹ ፎቅ ላይ፣ መሰብሰቢያ አዳራሹ ውስጥ፣ ከረባት አስረው ያንቀላፋሉ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከዚህ ሁሉ እኔን ያስጨነቀኝ መዘግየቴ ነበር።

አቶ መርዕድና ወይዘሮ ውዴነሽ አንድ ኮት ለሁለት ለብሰው መጡ። አንድ አንድ እጅጌ ተካፍለዋል።

«ተስማማን እኮ ደምሰው!» አሉኝ አቶ መርዕድ። «ማሰብ የእኔ፣ መናገር የእሷ።»

«ታዲያ አሁን የሚናገሩት እርስዎ አይደሉም?»

«እያሰብኩ ነው!» ብለው ተቆጡ።

ወዲያው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ሆንን። መነጽር ያደረገች አህያ ሚዛን አጠገብ ተቀምጣለች። ሰዎች በጆንያ ሥልጣን ተሸክመው ያራግፋሉ፤ እሷ እየመዘነች ታካፍላለች።

«ይህ መሾም ነው። ለማን?»

«ለእኔ!» አሉ ሁለቱም።

«ይህ መሻር ነው።»

«ለእኔ!» ኮቱ ከጀርባው ተተረተረ።

«ይህኛው ተጠያቂነት ነው።»

ሁለቱም ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። አህያዋ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ጆንያውን ፈትታ፣ ውስጡ ያለውን ጥርግ አድርጋ በላችው።

በዚህ መሀል የቦይለራችን ኦፕሬተር ኡርጌሳ እግሩን ወደ ላይ ሰቅሎ በእጁ እየሮጠ ገባ።

«ጋሽ ደምሰው፣ የእንፋሎቱ ግፊት ቀዩን መስመር አልፏል። ላጥፋው?»

ከቦይለሩ ግድግዳ ማዶ ሠላሳ ስድስት ሴቶች ሳሙና ይጠቀልላሉ። አንዷ የእህቴ ልጅ ብርቄ ናት፤ እናቷን አሳምኜ እዚያ ያስቀጠርኳት እኔ ነኝ። ሮጬ ሄድኩ። ሴቶቹ ሳሙናውን ትተው እርስ በርስ በወረቀት እየተጠቀለሉ ካርቶን ውስጥ ይደረደራሉ። ብርቄ እስከ አገጯ ተጠቅልላለች።

«አጎቴ፣ ሞቀኝ» አለችኝ።

«የቦይለሩን ቫልቭ ማን ያዙረው?» ብዬ ጮህኩ።

«ወደ ቀኝ ማዞር የሰብሳቢው ሥልጣን ነው» አሉ አቶ መርዕድ።

«ወደ ግራ ማዞር የሥራ አስፈጻሚዋ ነው» አሉ ወይዘሮ ውዴነሽ።

ሁለቱም ቫልቩ ላይ ተረባርበው ባለ በሌለ ጉልበታቸው አዞሩ። ቫልቩ ንቅንቅ አላለም። የአቶ መርዕድ የአንገት ሥር ተገታተረ፤ የወይዘሮ ውዴነሽ ጫማ ወለሉን ፋቀ።

«ኧረ ስለ ፈጣሪ፣ አንድ ቫልቭ እኮ ነው!»

«ሰነዱን የጻፍከው አንተ!» አሉኝ በአንድ ድምፅ። በዓመት ውስጥ ሲስማሙ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

ራሴ ላዞረው ብዘረጋ እጄ የለም። አንቀጽ አምስት ላይ ለኮሚቴ ተሰጥቷል። ቦይለሩ ድም፣ ድም፣ ድም ማለት ጀመረ።

ባንኜ ነቃሁ። በሩን የሚደበድበው ኡርጌሳ ነበር፤ የእውነቱ ኡርጌሳ፣ በእግሩ የቆመ፣ የፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤ የያዘ።

«ጋሽ ደምሰው፣ የቦይለሩ እንፋሎት ማስተንፈሻ አልከፈት ብሏል፤ ግፊቱም እየጨመረ ነው። ላጥፋው? በጽሑፍ ሳይፈቀድልህ እንዳትነካ ስለተባልኩ ነው።»

እውነቱን ነው። ባለፈው በራሱ ፈቃድ አጥፍቶ ሳሙናው ማብሰያው ውስጥ ደርቆ ስለቀረ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። አቶ መርዕድ ክፍለ አገር ሠርግ ሄደዋል፤ ወይዘሮ ውዴነሽ ሥልጠና ላይ ናቸው። ግን ጠዋት ሁለቱም፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ የውክልና ደብዳቤ ልከውልኛል። እስኪመለሱ ድረስ የሰብሳቢውም ሥልጣን የእኔ ነው፣ የሥራ አስፈጻሚዋም የእኔ። ይህን ሳስታውስ እንዴት ደስ አለኝ! የፋብሪካው ሁለት አለቆች አንድ ሰው ሆነዋል።

ብዕሬን አነሳሁ። በመስኮቱ ሴቶቹ ከምሳ ተመልሰው ወደ ማሸጊያው ክፍል ሲገቡ አየኋቸው። ብርቄ ቀና ብላ እጇን አውለበለበችልኝ፤ እኔም አውለበለብኩላት። «ይጥፋ» ብዬ ልጽፍ ስል ሳሙናው ትዝ አለኝ። ቢደርቅስ? ሁለቱ ሲመለሱ «ማን ፈቀደ?» ቢሉስ?

በኡርጌሳ ደብዳቤ ግርጌ «ለቦርዱ ሰብሳቢ፦ ጉዳዩ ከፍተኛ ስለሆነ ይወስኑበት» ብዬ ጻፍኩ፤ ስለ ዋና ሥራ አስፈጻሚዋ ፈረምኩ። ወረቀቱን ከጠረጴዛው ግራ ወደ ቀኝ አዛወርኩት። አቀማመጤን አስተካክዬ በጥሞና አነበብኩት። ከሥሩም «ለዋና ሥራ አስፈጻሚ፦ የዕለት ሥራ ስለሆነ ይወስኑበት» ብዬ ስለ ሰብሳቢው ፈረምኩና ወደ ግራ መለስኩት።

«ምን ተባለ ጋሼ?» አለ ኡርጌሳ፣ ላቡን እየጠረገ።

«በሂደት ላይ ነው» አልኩት።